ሐረግ እና አክርማ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበትሽን አሁንስ ተሻለሽ?

ቅዳሜ ዕለት ከቱልሳ ወጥተን ታለኳ ሄድን። እዚሁ ኦክላሆማ ውስጥ ያለች፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቼሮኪ ሕዝብ ዋና ከተማ ናት። አንዲት እናት ቅርጫት ሲሠሩ አይቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አክርማውን ውኃ ነክረሽ፣ ወስፌሽን ይዘሽ በረንዳ ላይ ስትቀመጪ ዓይኔ ላይ መጣሽብኝ።

የሳቸው ቅርጫት ግድግዳው ድርብ ነው። ሐረጉ ከመቀመጫው ይነሳና ውስጥ ውስጡን ወደ ላይ ይወጣል። አፉ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ከዚያ በውጪ በኩል እስከ ታች ይመለሳል። ቼሮኪዎቹ ድሮ በአገራቸው የሚሠሩት በወንዝ ዳር ቀርከሃ ነበር። እዚህ ግን ያ ቀርከሃ እንደ ልብ አልተገኘም። ስለዚህ የዚህን ጫካ ሐረግ ቀቅለው፣ ልጡን ልጠው መሥራት ጀመሩ።

ወደው አልመጡም እኮ እማዬ። አገራቸው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጆርጂያ፣ ቴነሲ፣ ሰሜን ካሮላይና። ነጮቹ መሬቱን ፈለጉት፤ ጆርጂያ ውስጥ ወርቅ ሲገኝማ ባሰ። በፈረንጆቹ 1835 መንግሥት ሕዝቡ ካልወከላቸው ጥቂት ሰዎች ጋር ውል ተፈራረመ። ከ15,000 በላይ ስም ያለበት አቤቱታ ቢገባም ሰሚ አላገኘም። በ1838 ወታደር መጣ። ማዕድ ላይ እንደተቀመጡ የተወሰዱ ነበሩ። ወደ 16,000 ሰው ተፈናቀለ። ብዙዎቹ በብርድና በበረዶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ፤ ወደ 4,000 የሚሆኑት እንደሞቱ ይገመታል። ቼሮኪዎቹ ባሪያ አድርገው የያዟቸው ጥቁሮችም አብረው ተነድተዋል። ይሄን ሳውቅ ሆዴ ተላወሰ።

ከሰዓት ልጆች በቼሮኪኛ ሲዘምሩ ሰማን። አያቶቻቸው በዚያ መንገድ ላይ ይዘምሩት ነበር የሚባል መዝሙር ነው። ቃሉ አልገባኝም፤ እንባዬ ግን መጣ። ወረቀቱን ሳየው ደግሞ በራሳቸው ፊደል ነው የተጻፈው! ሴኮያ የሚባል አንጥረኛ ነው የፈጠረው፤ እንግሊዝኛ ማንበብ እንኳ አይችልም ነበር። በ1821 ጨረሰው። ዛሬ 85 ፊደል አለው፤ እንደኛው አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። ግን እንደ ሀ ሁ ሂ መልካቸው አይወራረስም። እያንዳንዱን ለብቻው ማጥናት ነው። የሠፈራችን የኔታ ቢያዩት እንዴት ደስ ይላቸው ነበር!

ልንሄድ ስንል ሴትዮዋ ቅርጫቱን አስያዙኝ። ቀላል ነው፣ ግን ጠንካራ። "እናቴም ትሰፋለች" አልኳቸው። "አንቺስ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ስንቴ ነይ ላሳይሽ ብለሽኝ "በኋላ" እያልኩ ቀረሁ።

እማዬ፣ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ትንሽ አክርማና አንድ ወስፌ ላኪልኝ። አጀማመሩን በቪዲዮ እየደወልኩ ታሳዪኛለሽ። ለስንደዶው አታስቢ፤ እዚህ መንገድ ዳር ረጅም ሣር አይቻለሁ፣ በሱ እሞክረዋለሁ።

ልጅሽ