ወንዙ ከዳርቻው ሳይወጣ ምድር ቤታችን ለምን ተጥለቀለቀ?

ለሕንፃችን አስተዳደር ድርጅት
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በምድር ቤቱ በፍሳሽ ውሃ ስለደረሰው ጉዳትና ስለሰጣችሁን ምላሽ ቅሬታ ስለማቅረብ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔ ከወንዙ ጋር ጠብ የለኝም። ወንዝ ዳር ቤት የያዝኩት ወድጄ ነው። መሃል ከተማ ያለው ቢሮዬ በእግር ይደረሳል። ታክሲ አልጋፋም፣ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ አልዞርም። ማታ መስኮት ስከፍት ነፋሱ ይገባል። እርግጥ የማዶው ሙዚቃም አብሮ ይገባል። ሌሊት ውሃው ላይ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ላይ መበተኑን ትቶ ወደ ታች ይታጠፍና ርቆ ይሄዳል፤ ማዶ የተተከለ ስፒከር ሳሎኔ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እሱንም ለምጄዋለሁ።

ወንዙ እንደሚሞላም አላጣሁትም። መሃል ከተማው አስፋልትና ጣሪያ ነው። ዝናቡን የሚመጥ መሬት የለም፤ በየቦዩ ተጠራርጎ ወንዙ ውስጥ ይገባል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ውሃው ከፍ ይላል። ይህን እኛም እናውቃለን፣ እናንተም ታውቃላችሁ። በየወሩ የአገልግሎት ክፍያ የምንከፍለው እኮ አንዱ ለዚህ ነው።

ምድር ቤቱ በውሃ ከተጥለቀለቀ በኋላ የጻፋችሁልን መልስ ሁለት መስመር አይሞላም። ጉዳዩ የተፈጥሮ አደጋ ስለሆነ ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም ይላል። በዚህ አልስማማም። ያን ሌሊት ወንዙ ከዳርቻው አልወጣም። የመከላከያ ግንቡ ጫፍ ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ከሕንፃው በር እስከ ወንዙ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ከዝናቡ እርጥበት በቀር የተኛ ውሃ አልነበረም። ጥበቃው በተራ ጫማ ሲመላለስበት ነው ያመሸው። ታዲያ ምድር ቤት የገባው ውሃ ከየት መጣ?

ከሥር ነው የመጣው። መኪናዬን ላወጣ ስወርድ ወለሉ ደረቅ ነበር። ጥግ ላይ ካለው የወለል ፍሳሽ ቀዳዳ ግን የመንቦግቦግ ድምፅ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ አረፋ ወጣ። ከዚያ ጥቁር ውሃ ክዳኑን እያነቃነቀ ወጥቶ ወለሉ ላይ መተኛት ጀመረ። ሽታው የዝናብ ውሃ ሽታ አልነበረም፤ የምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በበር በኩል አንዲት ጠብታ አልገባችም።

ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። የሕንፃው ፍሳሽ የሚወጣበት ቱቦ አፉ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ወንዙ ሲሞላ ያ አፍ በውሃ ይሸፈናል። ውሃ ደግሞ ልኩን ይፈልጋል። ምድር ቤታችን ከወንዙ የውሃ ከፍታ በታች ሲሆን ቱቦው ማስወጣቱን ትቶ መመለስ ይጀምራል፤ የሚተፋውም ሕንፃው ውስጥ ዝቅ ብሎ ባገኘው የመጀመሪያ ቀዳዳ ነው። ለዚህ ግንብ አይፈይድም። በር ላይ የአሸዋ ከረጢት መደርደርም ትርፉ ድካም ነው። የሚፈይደው ውሃ የማይመልስ ቫልቭ ነው። ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት በር በሉት፤ ፍሳሽ ሲወጣ ይከፈታል፣ ከውጭ ውሃ ሲገፋው ይዘጋል።

ሕንፃችን ይህ ቫልቭ አለው። ግን አይዘጋም። ውሃው ከጎደለ በኋላ የላካችሁት የቧንቧ ሠራተኛ ማንሆሉን ሲከፍት አጠገቡ ቆሜ ነበር። የቫልቩ ምላስ በጠጠረ ቅባትና በደለል ተጣብቋል። መሃሉ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት ተወትፎበት ግማሹን እንደተከፈተ ቀርቷል። ሠራተኛው በብረት ሲፍቀው ቅባቱ እየተቆረሰ ወደቀ። እንዲህ ያለ ቅባት በአንድ ሌሊት አይጋገርም። ለመጨረሻ ጊዜ የተጸዳው መቼ ይሆን ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ዕቃ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ እንደሄደ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ቫልቩም ያኔ እንደነበረ አለ።

ፓምፑስ? ፓምፑ ደህና ነበር። ውሃው ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ተንሳፋፊ ማብሪያ ቀስቅሶት ሥራ ጀመረ። ግን ኃይል የሚያገኘው እዚያው ምድር ቤት ካለው የኤሌክትሪክ ቦርድ ነው። ውሃው ወደ ቦርዱ ሲጠጋ ጥበቃው ዋናውን መስመር አጠፋ። ደግ አደረገ፤ ያን ባያደርግ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሰው ሕይወት ሊሆን ይችል ነበር። መስመሩ ሲጠፋ ግን ፓምፑም አብሮ ጸጥ አለ። ጄኔሬተሩ እንዳይነሳ እሱም የተቀመጠው እዚያው ወለል ላይ ነው። ሊፍቱ ቆመ። ላይኛው ፎቅ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ እናት አሉ፤ እስኪስተካከል ድረስ ከቤታቸው መውጣት አልቻሉም። ውሃ እንዲያወጣ የተገዛ ማሽን ውሃ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠፋ ከሆነ ምኑን ተገዛ?

ይህ ስህተት ሌላ ቦታም ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒው ዮርክን ሲመታ የቤልቪው ሆስፒታል ጄኔሬተሮች 13ኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። ነዳጅ የሚገፉላቸው ፓምፖች ግን ምድር ቤት ስለነበሩ በውሃ ተዋጡ፤ ሕሙማን በደረጃ እየተወሰዱ ወጡ። እነሱ ግማሹን እንኳ ወደ ላይ አውጥተው ነበር። እኛ ዘንድ ሁሉም ታች ነው።

ሥራ አስኪያጃችሁ ደግሞ በስልክ እንዲህ ያለ ሙላት በ100 ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ተረጋጉ አሉኝ። ሒሳቡ እንዲያ አይደለም። የ100 ዓመት የሚባለው ጎርፍ በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው። ዘንድሮ ስለመጣ ለከርሞ ይቀራል ማለት አይደለም። ሰው 30 ዓመት በሚኖርበት ቤት ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 26 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ደግሞስ የእኛው የምን የ100 ዓመት ጎርፍ ነው? ግንቡን እንኳ አላለፈም።

ከሁሉ ያበገነኝ ግን ከውሃው በኋላ የሆነው ነው። ውሃው የፍሳሽ ውሃ መሆኑን እያወቃችሁ የጽዳት ሠራተኞቹን ያለ ጓንትና ያለ ቦት ጫማ አስገባችኋቸው። ሴቶቹ በባዶ እጃቸው ጨርቅ ሲጨምቁ አይቻለሁ። ሌላ ሌላውን ብተወው እንኳ ይህን መተው ይከብደኛል። ከዚያ ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም ቀባችሁበት። የራሰ ነገር በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ሻጋታ ማብቀል ይጀምራል፤ ላዩ በቀለም ሲሸፈን ደግሞ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ቀለሙ አሁን እየተነፋ፣ እየተላጠ ነው። ደረጃው ላይ ሳይቀር የሻጋታ ሽታ አለ። ሊፍቱ ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ውሃው እስካሁን አልተቀዳም። ሙቀት ባለበት ጊዜ የወባ ትንኝም ሆነ ሌላ ትንኝ ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ይበቃዋል፤ የኛዎቹ መብረር ከጀመሩ ቆይተዋል። ይህ ሁሉ እያለ የወንዝ ዳሩን አጥር ቀለም ስትቀቡና አዲስ መብራት ስትተክሉ ነበር። ያማረ ነው፣ አልካድኩም። ግን ላይ ላዩን ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ቫልቩ በአዲስ ይተካ። ይህ ነገ ዛሬ የሚባል ነገር አይደለም፤ ቀጣዩ ዝናብ አይጠብቀንም። ከዝናብ ወራት በፊትና ወንዙ በሞላ ቁጥር እየተከፈተ ይታይ፣ ማን መቼ እንዳየውም በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የኤሌክትሪክ ቦርዱና ጄኔሬተሩ ከምድር ቤት ይውጡ። ይህ ወጪ እንዳለው ይገባኛል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ አላልኩም፣ ግን መቼ እንደሚጀመር ቀኑ በጽሑፍ ይነገረን። እስከዚያ ፓምፑ የራሱ ባትሪ ይኑረው። የተቀባው ልስን ተነስቶ ግድግዳው በማድረቂያ ይድረቅ። የጽዳት ሠራተኞቹ መከላከያ ሳይለብሱ እንዳይገቡ። በየዕቃ ክፍላችን የተበላሸብንን ንብረት ዝርዝር ነዋሪዎች አሰባስበን አያይዘናል፤ ከድርጅቱ መድን ወይም ከራሱ ካዝና ይካስ።

ከዚህ በፊት በቃል ያመለከትነው ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏል። ስለዚህ የዚህኛውን መልስ በጽሑፍ፣ በ15 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ። መልስ ካልመጣ ይህንኑ ደብዳቤ ከፎቶዎቹ ጋር የሕንፃ ደህንነትን ለሚቆጣጠረው የከተማው አካል አስገባለሁ። ነዋሪዎችም የወርሃዊ ክፍያው ጉዳይ በጠቅላላ ጉባኤ እንዲታይ ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረናል።

ከሰላምታ ጋር
የሕንፃው ነዋሪ (ፊርማ)

አባሪ፦ የቫልቩ፣ የግድግዳውና የሊፍቱ ጉድጓድ ፎቶዎች፤ የተበላሸ ንብረት ዝርዝር
ግልባጭ፦ ለነዋሪዎች ኮሚቴ