የጣላት ወለሉ እንጂ ቀን አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሰው ከፎቅ ሲወድቅ ዜና ይሆናል። ባልዲ ይዛ ደረጃ ላይ ያዳለጣት የጽዳት ሠራተኛ ግን «እኔን! እኔን!» ይባልላትና ነገሩ በዚያው ይቀራል። ይህ ስላንገበገበኝ ነው የጻፍኩላችሁ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ነው። መግቢያው ከነደረጃው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው። ደረቅ ሲሆን ያምራል። ሐምሌ ላይ ግን ሰው ሁሉ ጭቃና ውኃ በጫማው ይዞ ይገባል። ያንን ለማጥፋት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ልክ ሠራተኛው ግር ብሎ በሚገባበት ሰዓት፣ ላርጎ የበዛበት ውኃ ይደፋበትና ይወለወላል፤ ሳይደርቅ ደግሞ ካርቶን ይነጠፍበታል። ካርቶኑ ውኃ ሲጠጣ ከሥር ይሸሻል። የረገጠው ሰው አብሮት ይሄዳል። ላርጎው በደንብ ካልታጠበ ደግሞ ደርቆም አይለቅም፤ ጠብታ ውኃ ሲነካው መልሶ ሙልጭልጭ ይላል።

ባለፈው ክረምት ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ እዚሁ ደረጃ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። እግሯ ላይ የነበረው ሥሩ ያለቀ ነጠላ ጫማ ነው። በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው መወልወያ ይዛለች፤ መደገፊያ ቢኖር እንኳ በምኗ ትይዘዋለች? ሰዉ «ቀን ጥሏት ነው» አለ። አለቃዋ «አይታ አትረግጥም?» አሉ። የተቀጠረችው በኤጀንሲ ስለሆነ ሕንፃው «የእኛ ሠራተኛ አይደለችም» አለ፣ ኤጀንሲው ደግሞ «ወለሉ የእኛ አይደለም»። እሷም ገንዘብ ስላልነበራት ወጌሻ ጋ ሄደች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወጌሻ ያቃናቸው ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ግን ስብራት በጣም ጠብቆ ከታሰረ ደም መዘዋወሩ ይቋረጥና እጅን እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ሌላው ጣጣ ደግሞ ማስረጃ ነው። ከወጌሻ የሐኪም ወረቀት አይገኝም። ወረቀት ከሌለ አደጋው የትም አይመዘገብም፣ ካሳም ለመጠየቅ ያስቸግራል። መሥሪያ ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ «ምንም አደጋ አልደረሰም» ብሎ ሪፖርት ቢያደርግ ማን ይከራከረዋል?

ሕጉ እኮ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ካላደረገው በስተቀር፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ስለዚህ «አይታ አትረግጥም?» ከተጠያቂነት አያድንም። የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ተጎጂው ከሥራ በሚርቅበት ጊዜም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ይህን የሚያውቅ የጽዳት ሠራተኛ ስንት አለ? እኔ የጠየቅኳቸው አልሰሙም።

መፍትሔው ደግሞ ኪስ የሚጎዳ አይደለም። ለመግቢያና ለደረጃ ሲሆን ሻካራ ሴራሚክ መምረጥ ነው፣ አንዴ ከተነጠፈ ግን በየደረጃው ጫፍ ላይ የሚለጠፍ ሻካራ ፕላስተር አለ። በካርቶን ፈንታ ከባድ የእግር መጥረጊያ ይዘርጋ፤ ያውም ሰው ሁለት ሦስት እርምጃ የሚራመድበት ረዘም ያለ። ውልወላው ሰው ሳይገባ ይለቅ። ካልተቻለ ግማሹ ይወልወልና ሰው በደረቁ በኩል ይለፍ። ለጽዳት ሠራተኞች ሥሩ ጎድጎድ ያለ የጎማ ጫማ ይገዛ። ይህ ከአንድ ሰው ስብራት ሕክምና አይበልጥም።

ስለ ደረጃ ካነሳሁ አይቀር፣ ኮንትራክተሮችም ስሙኝ። እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደረጃዎች ከፍታ ይለምድና ሌላውን ሳያይ በዚያው ልክ ይረግጣል። አንዷ ደረጃ በ1 ወይም በ2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለች ታደናቅፋለች። በየሕንፃው «ሁሌ ሰው የሚወድቅባት» የምትባል ደረጃ አለች፤ በሜትር ብትለካ ምክንያቷ ይገኛል።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ክረምቱ ሳይወጣ የየሕንፃውን መግቢያ ዞራችሁ እዩልን። የሕንፃ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆችም ሊፍት ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በራችሁ ጋ ቆማችሁ ሰው እንዴት እየተጠነቀቀ እንደሚረግጥ ተመልከቱ። ከዚያ የጽዳት ሠራተኞቹን ጫማ እዩ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ