«ሙሉ ሽፋን» ያላችሁት የቱን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት በዲሲና በሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች ለተማሪ ስለሚሰጠው ላፕቶፕ ያወጣችሁትን ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ፣ እሷም «የኛ ልጅ የምትማረው ሌላ አገር ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ፎቶው ያምራል። ልጆቹ ሳር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ፣ አንዱም ቻርጀር አልያዘም። መቼም ላፕቶፑ ከካርቶን በወጣበት ቀን የተነሳ መሆን አለበት።

ሌላውን ልተወውና አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ ልያዝ። «ባትሪው እስከ 10 ሰዓት ይቆያል፣ ቢሰበርም ሙሉ ሽፋን አለው» ብላችኋል።

እስከ 10 ሰዓት ያላችሁት በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ልክ ናችሁ፣ የልጄ ላፕቶፕ በትክክል ጠዋት 10 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ገልብጣችሁ ከሆነ ግን እዛ ላይ «እስከ» የምትለዋን ቃል አስተውሏት፣ እሷ ለአዲስ ባትሪ ነው የተጻፈችው። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፣ የያዘችው ክሮምቡክ (በጎግል ሲስተም የሚሰራ ላፕቶፕ ነው) ከሷ በፊት ሌላ ልጅ ይዞት የነበረ ነው፣ ክዳኑ ላይ ያ ልጅ ለጥፎት የተፋቀ የፈረስ ስቲከር አለ፣ የቀረው ሁለት እግሩ ብቻ ነው። የሊትየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ እየወረደ ይሄዳል፣ ሜሪላንድ ውስጥ የትምህርት ዓመት 180 ቀን ነው፣ በየቀኑ አንዴ ቻርጅ ቢደረግ በሶስት ዓመት 540 ነው፣ ይሄ እንግዲህ ክረምቱን ሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ ባዶውን መክረሙንና መኪና ውስጥ በሙቀት መቀቀሉን ሳንቆጥር ነው። ጎግል በ2023 ክሮምቡክ እስከ 10 ዓመት አፕዴት ያገኛል ብሏል፣ ጥሩ፣ ግን ባትሪን አፕዴት የሚያደርግ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እኔ ሾፌር ነኝ፣ ፕሪየስ ነው የምነዳው፣ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ የቶዮታ ሃይብሪድ፣ ባትሪ ምን እንደሆነ ኪሴ ያውቃል። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል። የላፕቶፕ ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካው የሚቆምለት አንድ ዓመት ነው። ልጄ እጅ ሲገባ ያ ዓመት ድሮ አልቋል።

አሁን ወደ «ሙሉ ሽፋን» ልምጣ፣ ደሜ የሚፈላው እዚህ ጋ ስለሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። ነሐሴ ላይ ከትምህርት ቤቱ ረጅም ኢሜይል መጣ፣ በእንግሊዝኛ። ባለቤቴ ማታ ማታ ነው የምትሰራው፣ ከስራ ስትወጣ አውቶብስ ላይ ሆና ትራንስሌት የሚለውን ተጫነች፣ «የመሣሪያ ሽፋን፣ 25 ዶላር፣ አማራጭ» አላት። ሽፋን! እሷ ምን ታድርግ፣ ሽፋን ማለት በኛ ቋንቋ የሚሸፈንበት ነገር ነው፣ ለላፕቶፕ ከረጢት 25 ዶላር ዘረፋ ነው ብላ ሄዳ በ9 ዶላር ሮዝ ከረጢት ገዛች፣ ገንዘብ አተረፍኩ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ልጄ እስከዛሬ በሱ ነው የምትይዘው፣ ዚፑ ተበላሽቷል። እናንተ ደግሞ መጥታችሁ ያችኑ ቃል ደገማችኋት። ኢንሹራንስ በሉት እንጂ ጎበዝ! ሶስተኛ ወገን ሳይገባ መኪና ከማይነዳበት አገር የመጣን ሰዎች ነን፣ ኢንሹራንስ ብትሉን ማን ይጠፋዋል?

ከዛ የሆነውን ልንገራችሁ። ህዳር ላይ ባትሪው እንደልማዱ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሞተ፣ ልጄ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰካችው፣ ሽቦው በመተላለፊያው ላይ ተዘርግቶ ነበር፣ አንድ ልጅ ውሃ ሊጠጣ ሲሮጥ እግሩ ያዘው፣ ላፕቶፑ ወለል ላይ። ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ፣ ቻርጀሩ የሚገባበት ቀዳዳም ተጣመመ። ከመቶ ዶላር በላይ ክፈሉ ተባልን፣ ኢንሹራንሱን «ስላልመረጣችሁ»። ጎረቤታችን ከፍለው ነበርና እሳቸው ጋ ሄጄ ወረቀቱን አየሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሰበረ ስክሪን ኢንሹራንሱ ይከፍላል፣ ለቻርጀር አይከፍልም፣ የደከመ ባትሪ ደግሞ «በአገልግሎት ያለቀ» ስለሆነ አደጋ አይደለም ይላል። እሺ፣ ባትሪ መድከም አደጋ አይደለም እንበል። ግን ባትሪው ባይደክም ሽቦው አይዘረጋም፣ ሽቦው ባይዘረጋ ልጁ አይደናቀፍም። መንስኤውን ከኢንሹራንሱ አውጥተው ውጤቱን ለኔ ሸጡልኝ ማለት ነው። ይሄ ነው ሙሉ? ላም አለኝ በሰማይ አሉ።

ደግሞ አንድ ነገር። በአማርኛ በሚጻፍ ዜና ላይ ሶስት ወላጅ አነጋግራችሁ አንድ ሀበሻ እንዴት አጣችሁ? ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቡና ቤት ገብታችሁ «ላፕቶፕ የተሰበረበት» ብትሉ እኮ ወንበር ይጠፋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በ1964ቱ የሲቪል ራይትስ አክት መሰረት እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ ዋና ዋና ነገሮችን በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት አለበት። የ25 ዶላር ምርጫ ዋና ነገር ነው አይደለም ብላችሁ ብትጠይቁልን ዜና ይሆን ነበር፣ ላፕቶፖቹ ስንት ዓመታቸው ነው፣ ባትሪ ሲደክም የሚቀይረው ማነው ብላችሁ ብትጠይቁማ በማግስቱ ጋዜጣችሁን ፍሬም ውስጥ ባስገባሁት ነበር። አሁንም አልረፈደም፣ ማስተካከያ አውጡ፣ «ሙሉ» የምትለዋን ብቻ ብትሰርዙም ይበቃኛል።

ልጄ አሁን የተሰጣት ሌላ ላፕቶፕ ነው፣ እሱም አሮጌ። ሽቦ እንዳይዘረጋ ተብሎ ከኋላ፣ ጥግ ላይ፣ ሶኬቱ ስር ተቀምጣለች። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ተደውሎ ቦርዱን ማንበብ እያቃታት ስለሆነ አይኗን አሳዩልን ተባልን።

አንድ ሾፌር አባት፣ ከሜሪላንድ