ቀዩ ስልክሽ እኔ ጋ ነው

አንቺዬ፣

ስድቡን አስቀድሜ ልቀበል። ጠፋሁ። ስትደውዪ አላነሳሁም፤ «ነገ እደውልላታለሁ» ስል ነገው ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ሦስት ሞላ። ሰበብ ብደረድር ትስቂብኛለሽ እንጂ አታምኚኝም። ይቅር በይኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳይ ባይኖረኝ እጽፍልሽ ነበር ብዬም አልምልም።

ቀዩ ኖኪያ ኢ63 እኔ ጋ ነው። አዎ፣ ያ «ጠፋ» ያልኩሽ። መጥፋቱን እኔም ከልቤ አምኜ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ዕቃ ሳራግፍ ከመሳቢያ ሥር ብቅ አለ። ባትሪው አብጦ የጀርባ ክዳኑን ገፍቶታል። እሱን አውጥቼ ሌላ አስገባሁና ቁልፉን ተጭኜ ጠበቅሁ። እነዚያ ሁለት እጆች ሲጨባበጡ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሳቂ፣ ግድ የለም።

ሜሞሪ ካርዱ ውስጥ የማታ ደብተራችን አለ! አንድ መስመር አንቺ፣ አንድ መስመር እኔ፣ ስልኩን እየተቀባበልን የሞላነው። ፋይሉ አለ፤ የሚከፍተው አፕ ግን የለም። ምክንያቱም (ሁለተኛው ኑዛዜ) ስልኩን አንዴ ፎርማት አድርጌዋለሁ። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የምልክት ትርምስ ብቻ ነው፤ ቆልፈሽዋላ።

ደግነቱ ያ «ለማንኛውም» ያልሽው ፎልደር አልጠፋም። ስልክ በቀየርሽ ቁጥር ያጠራቀምሽው ነው መሰለኝ፣ የደብተሩ አፕ በአንድ ስም አምስት ሆኖ ተቀምጧል፤ የሚለዩት ከነጥቡ በኋላ ባሉት ፊደላት ብቻ ነው፦ ኤፒኬ (.apk)፣ ጃድ (.jad)፣ ጃር (.jar)፣ ሲስ (.sis)፣ ሲስኤክስ (.sisx)። ያኔ «ዝም ብለሽ ይቺን ክፈቺ» ትዪኝ ነበር፣ እኔም ዝም ብዬ እከፍት ነበር። አሁን የምትነግረኝ ስለሌለች ሦስት ሌሊት አፈጠጥኩባቸው።

ኤፒኬውን ወዲያው ተውኩት፤ የአንድሮይድ ነው፣ የቀዩ ስልክሽ ሲስተም ሲምቢያን ደግሞ ደጅ አያስገባውም። ጃዱን ከፍቼ ሳየው አፕም አይደል፤ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። ጃሩ የት እንዳለና ስንት ባይት እንደሆነ ይናገራል፤ ልኩ ካልገጠመ ስልኩ አልጭንም ይላል። አፑ ራሱ ጃሩ ነው፣ በጃቫ የተሠራው። ለካ ጃር ዚፕ ኖሯል! ኮምፒውተሬ እንዲያውም ስሙን ዚፕ አድርጎት ነበርና ልፈታው ስል ለትንሽ ተረፈ። ተፈትቶ ስልክ ላይ አይጫንም፤ ስሙን መልሶ ጃር ማለት ብቻ ነው።

እሱማ ያለ አንዳች ጥያቄ ተጫነ። ጮኼ ብድግ አልኩ። ከፈትኩት፤ ባዶ ገጽ። የጃቫ አፕ የተጻፈበትን የሚያኖረው በራሱ ጓዳ ነው፤ አፑ ሲጠፋ ጓዳውም አብሮ ይፈርሳል። ካርዱ ላይ ያለውን የእኛን ፋይል ዞር ብሎም አያየው።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም የሲምቢያን መጫኛ ናቸው። ሲሱ የዚያ የድሮው ኖኪያ 6600ሽ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2003ቱ። ሲምቢያን ዘጠነኛው እትም ላይ ሲደርስ ውስጡን ገለባብጦታል፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ሲስ እንደ ኢ63 ባለው ላይ አይገባም። ክፋቱ፣ ለአዲሶቹም ቢሆን ብዙ ሰው ሲስ ብሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ስሙን አይቶ ማመን የለም። ሲስኤክሱ ግን የኛው ነው። ስከፍተው «ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፏል» አለኝ፤ የአፑ ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጫ ማለቱ ነው። የስልኩን ቀን ወደ እ.ኤ.አ. 2009 መለስኩት፣ ከአፕ ማኔጀሩም «የተፈረመ ብቻ» የሚለውን «ሁሉም» አደረግሁት። መስመሩ መሙላት ጀመረ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ከዚያ «ፋይሉ ተበላሽቷል»። ስገለብጠው የተቆረጠ መሆን አለበት። የገለበጥኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

እና እባክሽ፣ አንቺ ምንም ነገር የማትጥዪ ሴት ነሽና የድሮ ኮምፒውተርሽን ፈትሺልኝ። የኢ63ቱን ነው የምፈልገው፤ የ6600ውን ብትልኪልኝ አልቅሼ አላባራም። የይለፍ ቃሉንም ጻፊልኝ። የዚያ ልጅ ስም ነው አይደል? ነው በይ፣ ለማንም አልናገርም።

አንድ ነገር አለ፣ ለመጻፍ እያፈርኩ ነው። የመጨረሻዋ መስመር ያንቺ ነበረች። ጽፈሽ ስልኩን ሰጠሽኝ፣ እኔ ደክሞኝ ነበር፣ «ነገ እመልሳለሁ» አልኩሽ። ምን ብለሽ እንደጻፍሽ ረስቼዋለሁ። የሚቀጥለው ተራ ግን የእኔ እንደሆነ አልረሳሁም።

ስልኩን እመልስልሻለሁ። ፋይሉ ሲደርሰኝ።

ያቺው ባለዕዳሽ