ወደ ሞተር ሳይክል የጎን ሻንጣ የሚገባው ሽቦ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በደቡብ ወሎ በወረኢሉ አካባቢ ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር ሳይክል የምዘዋወር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የያዝነው ክትባት በበረዶ ሣጥን ስለሚጓዝ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ነገር ግን ላም አምጣ ሌሊት ለሚጠራ ሰው ስልክና የእጅ መብራት መሙያ ማግኘት ቅንጦት ስላልሆነ፣ ብዙዎቻችን ከባትሪው ሽቦ አስቀጥለን ወደ ጎን ሻንጣው እናስገባለን።

እኔም እንዲሁ አስደርጌ ነበር። ባለፈው ክረምት ከደሴ በጉጉፍቱ በኩል ስመለስ ከቀኝ ሻንጣዬ ጭስ ወጣ። ወርጄ ስከፍተው ሽቦው በብረቱ ሻንጣ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ሲፈተግ ከርሞ ልባሱ ተልጧል፤ አጠገቡ የነበረው የቁስል ጥጥ ጠቁሯል፤ ከጥጡ ሥር ደግሞ የአልኮል ጠርሙስ ተቀምጧል። ያን ጠርሙስ ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

ፊውዝ አልነበረውም እንዳይባል ነበረው፤ የተገጠመው ግን ሻንጣው ውስጥ፣ ከስልክ መሙያው አጠገብ ነው። ሠሪዎቹም ተጠቃሚዎቹም በብዛት የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፊውዝ በዋነኛነት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ የትም ቦታ ቢላጥና ከኔጋቲቭ ጋር የተያያዘውን የሞተሩን ብረት ቢነካ፣ ፊውዙ ከዚያ ወዲያ ስለሆነ ምንም ሳይሰማው ሽቦው ይግላል። ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ መግባት አለበት። መጠኑም አያስቸግርም፤ ሁለት የስልክ መሙያና አንድ አነስተኛ መብራት በድምሩ 30 ዋት ቢወስዱ፣ በ12 ቮልት 2.5 አምፔር ነውና የ5 አምፔር ፊውዝ ይበቃል።

ለቤት መስመር የሚዘረጋው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ዋጋው ስለሚቀንስ ይመረጣል፤ የኮረኮንች መንገድ ንዝረት ግን ውስጥ ለውስጥ ይሰብረዋል። የሚያስፈልገው ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ያሉት፣ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ያህል ውፍረት ያለው ሽቦ ነው። ይህም ከማርሚታው፣ ከካቴናውና ከኋላ ጎማው ርቆ፣ በኮርቻው ሥር ፍሬሙን ተከትሎ ሊታሰር ይገባል፤ ወደ ሻንጣው የሚገባበትም ቀዳዳ ጠርዙ የጎማ ቀለበት ይደረግለት። ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደገና ሽቅብ ቢመለስ፣ የዝናቡ ውሃ ከታጠፈበት ይንጠባጠባል እንጂ ሽቦውን ተከትሎ ሻንጣው ውስጥ አይገባም።

ሻንጣው የሚወልቅ ከሆነ በሶኬት መገናኘት ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ በሞተሩ በኩል የሚቀረው፣ ኤሌክትሪክ ያለበት ጫፍ፣ ብረቱ ወደ ውስጥ የተሸፈነው ይሁን፤ ጥርስ ያለው ወገን ከሻንጣው ጋር ይሂድ። አለበለዚያ ሻንጣው በወለቀ ቁጥር ባዶ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መስመሩም ቁልፉ ሲዞር ብቻ እንዲከፈት በሪሌ (የቁልፉ ኤሌክትሪክ በሚያበራው ማብሪያ ማጥፊያ) ቢያያዝ፣ ተረስቶ ባደረ መብራት ምክንያት ጠዋት ሞተር አልነሳ አይልም።

ለባለሙያዎቻቸው ሞተር ሳይክል የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሥራ ርክክብ ከመፈጸማቸው በፊት በራሳቸው ጋራዥ እንዲያሠሩልን እጠይቃለሁ። አንድ ፊውዝ ከነመያዣው፣ ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ ሁለት የጎማ ቀለበትና አንድ ሶኬት ናቸው፤ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እስከዚያው ድረስ ግን እንደ እኔ ሽቦ ያስገባችሁ ባልደረቦቼ ኮርቻውን አንስታችሁ ፊውዙ የት እንደተቀመጠ እንድታዩ፣ አልኮሉንም ወደ ሌላኛው ሻንጣ እንድታዛውሩት እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከወረኢሉ