ቬንትሌተራችንን ያስነቀላችሁት እናንተ ናችሁ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ከቤት የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚወጣ ሞገድ ነጭ የደም ሴልን ይቀንሳል ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ እናቴ ሦስቴ አስነበበችኝ። ሦስተኛውን ጨርሼ ቀና ስል ቬንትሌተሩ ተነቅሏል። ድሬዳዋ ላይ፣ ያውም በግንቦት! እግዜር ይስጣችሁ።

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ነጭ የደም ሴል ቆጥሬ ነው የምበላው። ስለዚህ ሌላውን ትቼ አንዲት መስመራችሁን ብቻ ልያዝ፦ «የቤት ውስጥ ሞገድ ነጭ የደም ሴልን እንደሚቀንስ ተረጋገጠ»። ማን አረጋገጠው? ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብላችሁ ሙከራው የተሠራው ከሰውነት ውጭ፣ ሳህን ላይ ባለ ሴል መሆኑን ራሳችሁ ጽፋችኋል። ሳህን መቅኔ የለውም። የሰው መቅኔ ግን የሞተውን ለመተካት ቀን ከሌት አዲስ ሴል ያመርታል። ደግሞ ጠንካራ የሬዲዮ ሞገድ ያሞቃል፤ ሳህኑ ትንሽ ሞቆ ከሆነ ሴሉን የለወጠው ሞገዱ ነው ሙቀቱ? አልጠየቃችሁም።

ሞገድ ምንም አያደርግም አላልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን ካንሰር «ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ውስጥ መድቦታል። የሬት ቅጠል ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ አለ። ግን «ይችላል» እና «ተረጋገጠ» አንድ ናቸው እንዴ? ያውም የተባለው ስለ ካንሰር ነው።

የቬንትሌተር ሞተር ሞገድ ደግሞ ሁለት እርምጃ ራቅ ስትሉ በጣም ይደክማል። «የስልክ አንቴናው ከሰፈር ይነሳልን» ያሉትን ሰዎችም ዝም ብላችሁ ነው የጻፋችሁት። ስልክ ኔትወርክ ሲርቀው ኃይሉን ጨምሮ ነው የሚልከው፣ ያውም ጆሯችሁ ላይ ሆኖ። ይቺን አንዲት መስመር ብትጨምሩ ምን ነበረበት?

የከነከነኝ ግን ይሄ አይደለም። ምሳሌያችሁ ሁሉ አዲስ አበባ ነው። አቦ፣ ስለ ነጭ የደም ሴል መውረድ ለመጻፍ ድሬን መጠየቅ ነበረባችኋ! ሥራ የጀመርኩት ደንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ በገባበት በ2006 ዓ.ም. ነው። ስላይዱን ማይክሮስኮፕ ላይ አደርገዋለሁ፣ ቀዩ ሞልቷል፣ ነጩን ፈልጌ ፈልጌ አጣለሁ። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ4,000 በላይ ነጭ ሴል ይኖረዋል፤ ደንጊ የያዘው ከዚያ በታች ሲወርድ ብርቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ መገጣጠሚያ የሚያሳምመው ቺኩንጉኒያ መጣና ሰፈሩ ሁሉ ግድግዳ ይዞ መሄድ ጀመረ። ሁለቱንም የምታመጣው አንድ ዓይነት ትንኝ ናት። በቀን ነው የምትነክሰው፣ የምትራባው ውኃ ባጠራቀምንበት በርሜል ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል የሌለው ቤት አሳዩኝ።

ይቺ ትንኝ ነፋስ ላይ መብረር አይሆንላትም። ቬንትሌተር ሲዞር አትጠጋም። እናንተ ነጭ የደም ሴላችንን ለማዳን ቬንትሌተሩን አስነቀላችሁ፣ ሴሉን በእርግጥ የምታወርደዋን ደግሞ በሩን ከፍታችሁ አስገባችሁልን።

ከዘገባው ወዲህ ምንም ሳያማቸው «ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ሥራልኝ» የሚሉ በዝተዋል። አንዷ ጽሑፋችሁን በስልኳ ከፍታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። የነጭ ሴል ቁጥሯ 6,800 ሆነ፣ ጤነኛ። «ማሽንህ ተበላሽቷል» ብላኝ ሄደች።

ማረሚያ አውጡ፣ እዚያው ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው ትልቅ ፊደል። ቬንትሌተሩ እስከ ዛሬ አልተሰካም። እናቴ ግን ጅቡቲ ያለው ወንድሜ ሌሊት ሊደውል ይችላል ብላ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው።

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ