አባዬ፣ ስለ ጊዮርጊስ ክርክራችን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬ ጉልበትህ ትንሽ ተሽሎሃል አለችኝ። ቢሆንም የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ያለ ከዘራ እንዳትወርድ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ስለ ኢትዮጵያ እግር ኳስ ሻምፒዮና ስናወራ «የመጀመሪያውን ዋንጫ የበላው ጊዮርጊስ ነው» ብለህ ድርቅ አልክብኝ። አይደለም አባዬ። በ1936 ዓ.ም. የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ናቸው፦ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንና የኛው ጊዮርጊስ። ዋንጫውን ያነሱት እንግሊዞቹ ናቸው። ደግሞም አንተ ያኔ አልተወለድክም፤ የምትሟገተው አያቴ በነገረህ ነው። እሱ ደግሞ ለጊዮርጊስ ሲሆን ትንሽ ይጨምርበት እንደነበር አንተው ነህ የነገርከኝ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ጊዮርጊስን በ1928 ሲመሠርቱ ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ወራት ነበር የቀሩት። ደሞዝ የለ፣ ስፖንሰር የለ፤ የአራዳ ልጆች ተሰብስበው መጫወት ብቻ። ጣሊያን ገብቶ ስሙን «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አደረገው። ሐበሻ ከነጭ ጋር እንዳይጫወትም ከለከለ። ጣሊያን ሲወጣ ስሙ ተመለሰ። ደርግ ደግሞ በተራው አፍርሶ የቢራ ፋብሪካ ቡድን አደረገው። አንተ ያኔም «ጊዮርጊስ» ማለትህን አልተውክም፤ እማዬ «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ያሳስረናል» ትል ነበር።

ይድነቃቸው ተሰማንም አንተ ሁሌ የምታነሳው ስላገባቸው ጎሎች ነው። እኔ የምወድለት የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ መመለሱን ነው። ለ23 ዓመት የጊዮርጊስን ማሊያ ለብሶ፣ በኋላ ከ1964 እስከ ዕለተ ሞቱ 1979 የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍን) የመራ ሰው፣ ቁጭ ብሎ ኦፍሳይድን ላላወቀ ሰው በአማርኛ ሲጽፍ ይታይህ። ዛሬም እኮ ኦፍሳይድ የማይገባው ደጋፊ ሞልቷል (እማዬ እንዳትሰማ)።

ይህን ሁሉ ያወቅነው የጻፈ ሰው ስላለ ነው። የናንተን የሰፈር ቡድን ግን ማን ጻፈው? ዕቃ ስንጠቀልል ጃንሜዳ የተነሳችሁትን ፎቶ አገኘሁት። ማሊያው የውሰት መሆኑ ያስታውቃል፤ ሁለት ሰው 7 ቁጥር ለብሷል። አንተ ዳር ቆመሃል፣ አንደኛው ካልሲህ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ወርዷል። ጀርባው ላይ ግን አንድ ስም እንኳ የለም። የሰፈሩ ሰው ከፒያሳ ተነስቶ እዚህም እዚያም ተበትኗል፤ ከእንግዲህ ለቅሶ ቤት ካልሆነ የት ይገናኛል? እነማን እንደነበሩ፣ ለኳሱ ማን እንዳዋጣ፣ ቡድኑ ለምን እንደፈረሰ የሚነግረኝ ካንተ ሌላ የለም። በነገራችን ላይ ስለ መፍረሱ አንድም ቀን አውርተህልኝ አታውቅም። ተጣልታችሁ ነው?

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣለሁ። ፎቶውን ይዤዋለሁ፣ አንተ መነጽርህን ፈልግ። ያ ኮፍያ ያደረገው በረኛ ማን እንደሆነ ግን እስከ እሁድ አታስጠብቀኝ፤ ዛሬ ማታ ደውልልኝ። ስለ እንግሊዞቹም ዋንጫ መጨቃጨቅ ከፈለግክ በዚያው ይለቅልን።

ናፋቂ ልጅህ